በጓ የምትልሰው ሻንሲ

ለቅበላ የተገዛችው በግ ገመዷን እስከ መጨረሻው ወጥራ፣ አንገቷን ከመኪናው የኋላ ጎማ ሥር አስገብታ ብረት ትልሳለች። ውባንቺ ይህን ስታይ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እሑድ ዕለት ጠምቷት መስሏት ውሃ አቀረበችላት፤ በጓ ውሃውን ዞር ብላም አላየችው። ትናንት ችካሉን ነቅላ ወደ አጥሩ ጥግ አራቀችው፤ በጓ ችካሉን እየጎተተች ተመለሰች። ዛሬ ማክሰኞ ጧት ደግሞ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ትምህርት ልትወጣ ስትል፣ ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ ብረት፣ ዓይኗን ጨፍና እንደ ማር ስትልስ አገኘቻት። ገመዱን ልትስብ ጎንበስ እንዳለች ከመኪናው ወዲያ ማዶ የልጇን የመሐሪን ድምፅ ሰማች።

«መኪናውን የጨረሱት ጋሼ እንየው ናቸው» ይላል። «አደራ ተቀብለው፣ ውሃ በባልዲ እያመላለሱ ሲያጥቡት ጎረቤት አይቷቸዋል። ከዚያ አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። በርበሬ ነው?»

«ሽማግሌ ምን ያውቃል፤ እንዲያምርለት ብሎ ይሆናል» አለ በያጁ ፍሥሐ። «ዛሬ ለማንሳቱ ይመጣሉ እንዴ?»

«አልጠራኋቸውም። ዓይናቸውንም ማየት አልፈልግም።»

ውባንቺ ገመዱን እንደያዘች ቀረች። በጓ ምላሷን አውጥታ እንደገና ወደ ብረቱ ተንጠራራች። በዚያች ቅጽበት ነው ነገሩ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራሷ የገባት።

መኪናው ዝቅ ያለ፣ ቀይ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው። ትራያምፍ የሚባል ስም አለው፤ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው ግን «ቀዩ» ብሎ ይጠራዋል። ባሏ የሻው በሾፌርነት ያገለገለው የመንገድ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት ነው። የሻው ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። መኪናው ሦስቱን ዓመት በገጠሩ ቤት ከውባንቺ ጋር፣ ስድስቱን ዓመት ደግሞ እሷ ከብቶቹን ሸጣ ከተማ ስትገባ በባሏ ወንድም በእንየው ግቢ፣ በሣር ዳስ ሥር ቆመ። መሐሪ የሙያ ኮሌጅ መምህር ሆኖ ደመወዝ መቁጠር ሲጀምር የመጀመሪያ ሐሳቡ ቀዩን ማስነሳት ነበር። ከአንድ ወር በፊት በአይሱዙ ተጎትቶ ሲመጣ፣ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ነገር ጧ አለና፣ መኪናው ወገቡ እንደተቆረጠ አህያ ኋላውን መሬት እያስነካ ግቢው ገባ። ሻንሲው፣ መኪናው በሙሉ የሚያርፍበት የብረት አጽም፣ ከኋላ በኩል ተሰንጥቆ ነበር። ፍሥሐ ዝገቱን ፍቆ ሲያይ የፊቱ ደህና፣ የመሐሉም ደህና፤ ከዕቃ መጫኛው ሥር ያለው ሁለት ክንድ የማይሞላ ቦታ ብቻ ግን የተርብ ቤት መስሏል። ለምን እዚያ ብቻ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። የጠየቀችው በጓ ናት።

ጨው ነው። የሻው በሞተ በመጀመሪያው ክረምት የገጠሩ ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ አይጡም አላስቀምጥ ብሎ ነበር። በግቢው ውስጥ የማያፈስ፣ አይጥ የማይገባበት፣ በቁልፍ የሚዘጋ አንድ ቦታ ቢኖር የቀዩ የኋላ ዕቃ መጫኛ ነው። አንድ ከረጢት የከብት ጨው እዚያ አስገባች፤ ለላሞቹ ስትፈልግ እየዘገነች መልሳ ቆለፈችው። ብልሃቷ ደስ ብሏት እንደነበርም ታስታውሳለች። ከብቶቹ ሲሸጡ ግን ጨውን ማን ያስታውሳል? ጨው ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ይረጥባል፤ ውሃ ሆኖ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ይህን ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መሐሪ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ትምህርት ቤት ነበር፤ ፍሥሐ የከተማ ልጅ ነው። እሷ ናት ማወቅ የነበረባት።

«መሐሪ» አለች።

«ወዬ እማ! አልሄድሽም እንዴ? ሁለት ሰዓት ተኩል እኮ ሆነ።» ጉንጩ ላይ ግራሶ ተለጥፎበት፣ እየሳቀ በመኪናው አናት ላይ ብቅ አለ። «ተማሪ ያረፍዳል?»

«በጓ... ብረቱን ትልሳለች።»

«ፍሥሐ በግራሶ አጥግቧታል፤ ቅበላ ስንበላት ሞተር ሞተር ትላለች። ተያት፣ እኔ አስራታለሁ።»

ደብተሯን አስተካክላ ወጣች።

ውባንቺ በትንሹም በትልቁም የምትጨነቅ ሴት ናት፤ መሐሪ ባጃጅ ሲሳፈር ትጨነቃለች፣ ሳል ሲስል ትጨነቃለች፣ ስልኩ ሲዘጋማ ጎረቤት ታስቸግራለች። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በአንድ ዘመድ ተዝካር ላይ፣ ዳሱ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ መሐሪ አጎቱን «የአባቴን አደራ እንዲህ ነው የሚጠብቁት?» ብሎ ተናገረው። እንየው የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ፤ ብትሩን አነሳ፤ ባለቤቱን «እንሂድ» አላት፤ ሄደ። አንዲት ቃል አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤትና በዚህ ቤት መካከል ሰላምታም የለም። ሰው ሁሉ ዝምታውን እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ቆጠረው። እሷም ጭምር፤ እውነቱን ለመናገር እሷም ጭምር።

የጎልማሶች ትምህርት የሚሰጠው በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። አግዳሚዎቹ ለሕፃናት የተሠሩ ስለሆኑ የሴቶቹ ጉልበት አገጫቸው ሊደርስ ምንም አይቀረው። መምህርት ስንዱ፣ የውባንቺ ልጅ ብትሆን የማያስገርም ወጣት፣ ከመግባቷ በፊት የሽንኩርት ዋጋ ይነሳል፤ ዛሬም ኪሎው በሳምንት ውስጥ ሃያ ብር ጨምሯል ተብሎ ሁለቱ የፊት ወንበር ሴቶች ሊጣሉ ደረሱ። ስንዱ ጠመኔዋን ይዛ ገባችና «እናቶች፣ እስከ ዛሬ የኔን ነው የጻፋችሁት። ዛሬ የራሳችሁን። አንድ ዓረፍተ ነገር፤ እውነት የሆነ» አለች። አንዷ ላሜ ወለደች ብላ ጻፈች። ሌላዋ ሽንኩርት ተወደደ ብላ ጽፋ ሁሉንም አሳቀች። ውባንቺ እርሳሷን እየላሰች መስመሩን ስታየው ቆየች። ጽሑፍ ከጀመረች ሰባት ወሯ ነው፤ ስሟን፣ የልጇን ስም፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ የባጃጅ ታፔላ ታነባለች፤ እንዲህ ያለ የራሷን ነገር ግን ጽፋ አታውቅም። በመጨረሻ «በጓ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቆመች።

«እትዬ ውባንቺ፣ በጓ ምን ሆነች?» አለች ስንዱ፣ ከትከሻዋ በላይ እያየች።

«ገና ናት፣ መምህርት። ቤቴ እጨርሰዋለሁ።»

ስትመለስ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ግቢው ለደቦ ተሰናድቷል። ቀዩን ከሻንሲው ለመለየት የላይኛው አካሉ በሰው እጅ መነሳት አለበት፤ በከተማው መኪና የሚያነሳ ማሽን የለምና፣ ጎተራ ከቦታ ቦታ እንደሚዘዋወረው ሁሉ ይህም በሸክም ይዘዋወራል። ቀኑ የተመረጠው ከአስተርዮ ማርያም ወዲህ በዓል የማይነካው ቀን ሲፈለግ ሲፈለግ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ወራጆች ተልጠው አጥሩ ላይ ተደግፈዋል፤ አሮጌ ጎማዎች መሬት ላይ ተደርድረዋል። ፍሥሐ የበሮቹን ክፍተት በብረት ዘንግ ወጥሮ በይዶታል፤ እንዲያ ካልተደረገ አካሉ ሲነሳ መሐሉ እንደ ካርቶን ይታጠፋል አለ። መጀመሪያ ላይ የሱ ሐሳብ ጠቅላላ ሻንሲውን ጥሎ ከደብረ ታቦር የፒካፕ ሻንሲ በመቶ አርባ ሺህ ብር መግዛት ነበር። መሐሪ እምቢ አለ። በመኪናው ሊብሬ ላይ የሰፈረው ቁጥር በዚያ ብረት ላይ ነው የተቀረጸው፤ ብረቱ ከተጣለ ቀዩ ቀዩ አይሆንም አለ። ስለዚህ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ብረት ይገባበታል።

መሐሪና ፍሥሐ ምሳ ሊበሉ ሲገቡ ውባንቺ ምስሩን አቀረበችላቸውና ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ግቢው ጭር ብሏል። ፍሥሐ የሚቆረጠውን ቦታ ያሰመረበት ጠመኔ የመኪናው የኋላ መከላከያ ላይ ተቀምጧል። ለልጇ በአፏ ልትነግረው ሦስት ጊዜ ሞክራለች፤ አንዴ ጧት፣ አንዴ አሁን እጁን ስታስታጥበው፣ አንዴ ምስሩን ስትጨልፍለት። ሦስቱንም ጊዜ አፏ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ጨው ይጨመርልህ እንኳ ልትል ነበር። ጠመኔውን አነሳች። የቀዩ የኋላ ክዳን ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ከስንዱ ሰሌዳ ይሻላል። ተንበረከከችና ጀመረች። አንዱን ፊደል ስትጨርስ ወደ በሩ ታያለች፣ ትመለሳለች። መስመሩ ወደ ታች እያዘነበለ ሄደ። ብዙ ቆየች። ሲያልቅ ሳታነበው ተነሳች፤ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እሳት ያልነደደበትን ድስት ታማስል ጀመር።

በመጀመሪያ የሰማችው የፍሥሐን ሳቅ ነው፤ ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። ብዙ ቆይቶ መሐሪ በሩ ላይ ቆመ።

«እማ። የምን ጨው?»

«የከብት።» ማማሰያውን አልለቀቀችም። «አባትህ የሞተ ክረምት። አንድ ከረጢት። ሦስት ዓመት ሙሉ።»

በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ የማያውቁት ፊት ነው የያዘው፤ ስምንት ዓመት ሳለው ብርጭቆ ሰብሮ የያዘው ፊት።

«ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?»

«አፌ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።»

«እኔ እኮ» አለ መሐሪ፣ «ዳስ ሙሉ ሰው ፊት...» ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት፤ እጁ ላይ ያለው ግራሶ ነጠላዋን ነካው፤ ሁለቱም አዩት። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። የባጃጅ ድምፅ ሰማች። ለመጀመሪያ ጊዜ ባጃጅ ሲሳፈር አልተጨነቀችም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ሁለት የኮሌጁ መምህራን፣ ግድግዳ የሚጋሩት ባለ ሱቅ፣ ከእርሻ የመጡ አራት ጎበዞች። ጠላ ተቀዳ። «የሻው ይህን መኪና ሲነዳ እግሩን የት ነበር የሚያደርገው? ሁለት ሜትር ሰው እኮ ነበር!» አለ ባለ ሱቁ። «ጉልበቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ነዋ» ብላ ውባንቺ መለሰች፤ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያየ ሁሉ አንድ ጊዜ አንብቦ ፊቱን ወደ ጠላው ይመልሳል። ማንም አላነሳውም።

ባጃጁ መጣ። መሐሪ ቀድሞ ወረደ፤ ቀጥሎ እንየው፣ ነጭ ጋቢውን እንዳጣፋ፣ የተጠቀለለ ገመድ በትከሻው እንዳነገበ። ገመዱን ውባንቺ ታውቀዋለች። እንየው ቤት ሠሪ ነው፤ ይህ እሷ የምትኖርበት ቤት መሠረት ሲጣል በዚያ ገመድ ነው ከማዕዘን ማዕዘን ለክቶ ያስተካከለው። በመንገድ ምን እንደተነጋገሩ ከፊታቸው አይታወቅም። እንየው ለቤቱ ሰው ሰላምታ ሰጠ፣ ጠላውን «ቆይ» ብሎ መለሰ፣ ቀዩን ዞረው፣ ክዳኑ ፊት ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? የብየዳ ምልክት ነው?»

ፊደል እንደማይለይ ሁሉም ያውቃል። መሐሪ መሬት መሬት አየ። ፍሥሐ መዶሻው እግሩ ሥር እያለ መዶሻ መፈለግ ጀመረ። ውባንቺ የጠላ ጆጉን እንደያዘች መጣች፤ ጆጉን ለባለ ሱቁ አስያዘችው። ጽፋ የሸሸችው ነገር አሁን በሰው ፊት በአፏ ሊወጣ ነው። ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገች።

«ጨው» አለች። ከመጀመሪያው ጀመረች። «ጨው... እዚህ... ያስቀመጥኩት... እኔ ነኝ።» ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደች። «እንየው... አይደለም።»

በጓ ገመዷን ትጎትታለች።

«አውቃለሁ እኮ፣ እቴ» አለ እንየው።

«ምን?»

«መኪናው እኔ ዘንድ በመጣ በሳምንቱ ክዳኑን ከፈትኩት። ባዶ ከረጢት፣ ሥሩ እርጥብ። ነጭ ነገር ብረቱ ላይ ተጋግሯል። ቀመስኩት።» ፊቱን አጨማደደ፤ አሁንም የሚመር ይመስል። «ለዚያ ነዋ በውሃ ያጠብኩት። ሁለት ቀን ሙሉ። ከዚያ ይድረቅ ብዬ ፀሐይ አወጣሁት። ከላይ ያለው ለቀቀልኝ፤ ከውስጥ የገባውን ምን ላድርገው።»

መሐሪ ቀና አለ። «ታዲያ በተዝካሩ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ሰው ፊት እናትህ ናት ልበልህ? ባል የሞተባት ሴት፣ የሚያፈስ ቤት ይዛ?» እንየው ገመዱን ከትከሻው አወረደ። «ደሞ ከላሞቹ ግማሾቹ የኔ ነበሩ። ጨው ሲልሱ የኔም ይልሱ ነበር።»

መሐሪ የአጎቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። እንየው ትከሻውን ይዞ መሐል ላይ አስቆመው።

«ተው ተው! ጉልበቴን ላሁኑ እፈልገዋለሁ። የት ጋ ነው የምንይዘው?»

ሰዉ በአንድ ጊዜ ሳቀ፤ ሲስቅ ተንቀሳቀሰ። ወራጆቹ በሥር ገቡ፤ ብሎኖቹ መፈታታቸው ታየ፤ መሐሪና እንየው አንዱን ወራጅ ከዚህና ከዚያ ያዙ። ቆጣሪ ያስፈልጋል ሲባል ፍሥሐ ወደ ውባንቺ አየ። «እትዬ፣ ተማሪዋ እርስዎ ነዎት፤ ይቁጠሩ።» አንድ አለች። ሁለት አለች። ሦስት ስትል ቀዩ፣ ለዘጠኝ ዓመት ሞተሩ ያልተነሳው፣ ክዳኑ ላይ ጽሑፏን እንደያዘ ከመሬት ተነሳ፤ በስምንት ሰው ትከሻ ላይ እየተወዛወዘ ተጓዘ፤ ጎማዎቹ ላይ ቀስ ብሎ አረፈ። መሬት ላይ የቀረው ሻንሲ ራቁቱን ሲታይ ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም፤ ሁለት ረጅም ብረቶች፣ በመሐል ማገሮች፣ ከኋላ አንድ ቁስል።

እንየው ገመዱን ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ ወጠረ፤ ቋጠሮ አሰረበት። ከዚያ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ። ሁለተኛው በሁለት ጣት አጠረ። «ቤታችሁ ጠማማ ነው» አለው ፍሥሐን። ፍሥሐ በመለኪያ ሜትሩ ሊከራከር ለክቶ አየና ሜትሩን ኪሱ ከተተው። ክሪክና ሰንሰለት መጣ፤ ብረቱ ተወጠረ፤ ገመዱ ተመለሰ፤ አንድ ጣት ቀረ። እንደገና ተወጠረ። ፀሐይ ወደ አጥሩ ስታዘነብል ሁለቱ ልክ እኩል ሆኑ፤ እንየው ቋጠሮውን ለሁሉም በየተራ አሳየ፤ ለውባንቺ ደግሞ ሁለት ጊዜ።

«ጽሑፉን ላጥፋው?» አለ ፍሥሐ፣ ጨርቅ ይዞ።

«ተወው» አለ እንየው። «እስኪቀባ ድረስ ይቆይ። ስሜ የትኛው ነው?»

ውባንቺ አሳየችው። በጣቱ፣ ጠመኔውን ሳይነካ፣ ከላይ ከላይ ተከተለው።

ፍሥሐ የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ሊያስነሳ ሲል ነው በጓ ችካሏን ነቅላ የመጣችው። ማንም ሳይዛት በሰዎቹ እግር መሐል ሾልካ፣ የበሰበሰው ብረት ላይ ደርሳ፣ ዓይኗን ጨፍና መላስ ጀመረች። መሐሪ ገመዷን ሊይዝ ሲንደረደር እንየው ክንዱን ያዘው።

«ተዋት። ከመቆረጡ በፊት ትጨርሰው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ከሁላችን በፊት ያነበበችው እሷ አይደለችም?»

ፍሥሐ ግራይንደሩን መሬት አስቀመጠ። አሥር ወንድ ቆሞ አንዲት በግ እስክትጠግብ ጠበቀ። ውባንቺ ወደ ቤት ገብታ ደብተሯን አመጣች፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጧት የተወችውን መስመር አገኘችው። በጓ ከሚለው ቀጥሎ «ጨው ወደደች» ብላ ጻፈች፤ አራት ነጥብ አደረገችበት፤ ጠላ ልትቀዳ ተነሳች።